ያረጀው ቡፌ በምን ቀለም ይታደስ? የውሃ፣ የዘይት፣ የጀሶ ወይስ የስፕሬይ

ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው "ምን ከለር ልቀባው?" ብሎ ነው። ነጭ? ግራጫ? ወይስ ያ አሁን ሁሉም ቤት የገባው ጥቁር አረንጓዴ? ከለሩ ግን መጨረሻ ላይ የሚወሰን ነገር ነው። ወደ ቀለም ሱቅ ብቅ ካላችሁ የፈለጋችሁትን ቀላቅለው ይሰጧችኋል። ዕቃውን በጥቂት ወር ውስጥ የሚያስልጠው ከለሩ አይደለም። ቀለሙና ከሥሩ ያለው ነገር አለመስማማታቸው ነው።

ስለዚህ አማራጮቹን ስናወዳድር ሁለት ጥያቄ እንያዝ። ከሥር ያለው ምንድን ነው? ሲያገለግልስ ምን ይነካዋል? እጅ፣ ትኩስ ብርጭቆ፣ የወለል ውሃ ወይስ ምንም? እነዚህ ከተመለሱ ቀለሙ ራሱን ይመርጣል ማለት ይቻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት መሳቢያውን ገልብጡት

ከመርካቶም ግዙት፣ ከቴሌግራም ቻናልም፣ አገር ለቆ ከሚሄድ ጎረቤትም፣ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። ጀርባውንም እዩ። እዚያ ቫርኒሽ ስለማይደርስ ጥሬው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የእንጨቱ መስመር ከፊት ጀምሮ እስከ ጠርዙ ከቀጠለ ጣውላ ነው። ጠርዙ ላይ ስስ ስስ ንጣፎች ተደራርበው ከታዩ ኮምፔንሳቶ ነው። የተጠቀጠቀ የእንጨት ፍርፋሪ ካያችሁ ቺፑድ ነው። ፍርፋሪው የማይለይ፣ ወጥና ቡናማ ከሆነ ደግሞ ኤምዲኤፍ ነው።

ጣውላ ሁሉንም ቀለም ይቀበላል። ኮምፔንሳቶም ላዩ ካልተነሳ እንደዚያው ነው። አስቸጋሪው ቺፑድ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ወለል ሲወለወል እርጥበት የሚነካውን የታችኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱት። ካበጠና ከተፈረፈረ ተዉት። ሻጩ "ቀለም ቢነካው አዲስ ይሆናል" ማለቱ አይቀርም። አይሆንም።

ቺፑድ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ፊቱ ላይ የተለጠፈው ሜላሚን ወይም ፎርማይካ እጅግ ልሙጥ ስለሆነ ቀለም የሚቆነጥጠው ነገር የለውም። ሳይታሽ ከተቀባ ጥፍር ብቻ ይበቃዋል፤ ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ ተጠቅልሎ ይነሳል።

ነፍሳትንም አትርሱ። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው የተራገፈ ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ነቀዝ አለ። ዱቄቱን ጠርጋችሁ ዕቃውን መታ መታ ስታደርጉት አዲስ ከረገፈ አሁንም እየበላው ሊሆን ይችላል። አልጋና ኮሞዲኖ ከሆነ የመጋጠሚያ ስንጥቆቹን በስልክ መብራት አንድ በአንድ እዩ። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች የትኋን ምልክት ናቸው። በዚህ ላይ ቅናሽ አትጠይቁ፤ ትታችሁ ሂዱ።

መቀባትስ አለበት ወይ?

ዋንዛ ከሆነ እኔ አልቀባም። አንዳንዱ ሰው የአያቱን የዋንዛ ቡፌ ነጭ ቀብቶ ፎቶውን ሲለጥፍ ሳይ ያመኛል። ዋንዛ ታጥቦ፣ በ120 ከዚያም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ ሁለት እጅ ቫርኒሽ ሲጠጣ የሚያወጣውን መልክ የትኛውም ቀለም አይሰጣችሁም። ወጪውም ከቀለም አይበልጥም። ቫርኒሽ አልወደድኩትም ካላችሁ ነገ መቀባት ትችላላችሁ። የተቀባ እንጨት ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ማውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ በተለይ ፍልፍል ጌጥ ያለበት ከሆነ።

ላዩ ላይ ያለው ምልክትም ይነግራችኋል። ብርጭቆ የተወው ነጭ ክብ አብዛኛውን ጊዜ የቫርኒሹ ብቻ ጉዳት ነው፤ ሲታሽ ይሄዳል። የጠቆረ ክብ ግን እርጥበቱ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እንደዚያ ዓይነቱ ከበዛ፣ ወይም ዕቃው በተለያየ እንጨት የተጠጋገነ ከሆነ፣ ወይም ቺፑድ ከሆነ፣ ያኔ ቀለም ትክክለኛው መፍትሔ ነው።

የውሃ ቀለም ወይስ የዘይት?

ዋናው ምርጫ እዚህ ነው። ብዙዎቻችን "የውሃ ቀለም" ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ግድግዳ ከተቀባ በኋላ በባልዲ የተረፈው ፕላስቲክ ቀለም ነው። ነፃ ስለሆነ ያጓጓል። ግድግዳን ግን ማን ይነካዋል? የመሳቢያ ጠርዝ በቀን ስንት ጊዜ ይሳባል። የግድግዳ ቀለም ለስላሳ ነው፤ ሲደርቅም በደንብ አይጠነክርም። ብርጭቆ ሲቀመጥበት ይጣበቃል፣ መያዣው አካባቢ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ሲታጠብ ይለቃል። የግድ እሱን ከተጠቀማችሁ ከላዩ ሁለት እጅ በውሃ የሚቀጥን ጠራ ያለ ቫርኒሽ ይፈልጋል። በዘይት የሚሠራው ቫርኒሽ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል። ቫርኒሹን ስትገዙ ግን ነፃ የነበረው ቀለም ነፃ መሆኑ ይቀራል። አስሉት።

ለእንጨትና ለብረት ተብሎ የሚሸጥ በውሃ የሚቀጥን ቀለምም አለ። እሱ ሌላ ነገር ነው። ጠንካራ ነው፣ ሽታው ትንሽ ነው፣ በሰዓት ውስጥ ለእጅ ይደርቃል፣ ነጩም ነጭ እንደሆነ ይቆያል። ስትገዙ ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ "ግድግዳ" የሚል ከሆነ መልሱት።

የዘይቱ፣ ሱቅ ውስጥ "ሲንተቲክ" የሚሉት፣ የድሮ አስተማማኝ ነው። ጠንክሮ ይደርቃል፣ በላርጎ ቢታጠብ አይነቃነቅም። ሌላም ጥቅም አለው፦ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የብሩሹ መስመር ራሱ ተስተካክሎ ይጠፋል። እጁ ያልሰላ ሰው ሲቀባው እንኳን ያምራል።

ግን ዋጋ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ሽታው ነው። በምትተኙበት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቡፌ በሲንተቲክ መቀባት የማይታሰብ ነው። በረንዳ ወይም ግቢ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ለእጅ ለመድረቅ ግማሽ ቀን፣ ሁለተኛውን እጅ ለመደገም ወደ 24 ሰዓት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ደግሞ የአዲስ አበባን አቧራ ይሰበስባል። ጎረቤት ሕንፃ እየተሠራ ከሆነ ጠዋት ስትነሱ ላዩ ሸካራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከመቀባታችሁ በፊት ወለሉን ውሃ እርጩት፣ ንፋስ ከመነሳቱ በፊት ማለዳ ቀቡት።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ቢጫ ይሆናል። ፀሐይ የሚነካው የቁም ሳጥኑ ፊት ነጭ እንደሆነ ይቆያል፤ የበሩ ውስጠኛ ክፍል ግን ቅቤ ይመስላል። ስለዚህ ነጭ ወይም ክሬም ለሚፈልግ የውሃውን፣ ጥቁርና ደማቅ ከለር ለሚፈልግ የዘይቱን እመክራለሁ። የመሳቢያና የቁም ሳጥን ውስጡን ግን በዘይት አትቀቡ። ተዘግቶ ስለሚቆይ ሽታው ለሳምንታት ልብስ ውስጥ ይገባል።

የዘይት ቀለም የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊያጨስና ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

አሮጌው ዕቃ ቀድሞ የተቀባ ከሆነ ምን እንደተቀባ እወቁ። ፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል ጥጥ ላይ አድርጋችሁ ለአፍታ እሹት። ቀለሙ ጥጡ ላይ ከመጣ የውሃ ነው። ምንም ካልለቀቀ የዘይት ሳይሆን አይቀርም። በዘይት ላይ የውሃ ቀለም እንዲሁ ከተደረበ ይላጣል፤ መጀመሪያ ማሸትና ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም፣ ይፈልጋል።

የጀሶ ቀለም፦ ቆንጆ ግን ስስ

በውጭ አገር ቪዲዮ "ሳይታሽ የሚቀባ" እየተባለ የሚታየው ደብዛዛ ቀለም "ቾክ ፔይንት" ይባላል። በዚህ ስም ለገበያ ያወጣችው እንግሊዝ አገር ያለችው አኒ ስሎን ናት፣ በ1990 እ.ኤ.አ.። እዚህ እንደዚያው ታሽጎ ባይገኝ አትጨነቁ፤ ኮርኒስ ሠሪ የሚገዛው ጀሶ በቂ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ እጅ ጀሶ በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ጓጉል እስኪጠፋ ይመታል። ከዚያ ሦስት እጅ የውሃ ቀለም ይጨመርበታል። ጀሶው ዕቃው ውስጥ መጠንከር ስለሚጀምር በአንድ ጊዜ ብዙ አትበጥብጡ፤ በሻይ ብርጭቆ ልክ በቂ ነው። ሲቀባ ወፈር ይላል፣ ቶሎ ይደርቃል። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ ሲደረግ ያንን አሮጌ መልክ ይሰጣል።

ግን ጥንካሬ አትጠብቁ። ቀለም ውስጥ ጀሶ በጨመራችሁ ቁጥር የሚያጣብቀው ነገር እየሳሳ ይሄዳል። ሰም ወይም ጠራ ያለ ቫርኒሽ ካልተቀባበት የጣት አሻራ እንኳን ይይዛል። ለመስታወት ፍሬም፣ ለግድግዳ መደርደሪያ፣ መጽሐፍ ብቻ ለሚቀመጥበት ኮሞዲኖ ግሩም ነው። ቡና ለሚፈላበት ጠረጴዛ ግን አይሆንም። ትኩስ ጀበና፣ የፈሰሰ ውሃ፣ ፍም፣ ይህን ሁሉ አይችልም። የልጆች አልጋም ላይ አልመክረውም። "አይታሽም" የሚለውንም ለሜላሚን አትመኑት።

ስፕሬይና ተለጣፊ

ስፕሬይ ብሩሽ ለማይደርስበት ነገር ነው፦ የብረት ወንበር፣ የቀርከሃ መቀመጫ፣ ፍልፍል ጌጥ፣ መያዣዎች። ለትልቅ ቁም ሳጥን ቆርቆሮው ሳይታሰብ ያልቃል፤ ከጣሳ ቀለም ጋር ሲነጻጸር ውድ ይሆናል። ሰፊና ልሙጥ በሮች ላይ የፋብሪካ መልክ ከፈለጋችሁ በሮቹን ፈታችሁ ኮምፕረሰር ያለው ቀለም ረጪ ጋ ውሰዷቸው። ማሸቱን ራሳችሁ ከጨረሳችሁ የሚከፈለው የርጭቱ ብቻ ስለሚሆን ዋጋው ይቀንሳል። ስትደራደሩ ይህን አንሱ።

የብረት አልጋ ወይም ካቢኔት ከሆነ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አውርዱ፣ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) አንድ እጅ፣ ከላዩ ሲንተቲክ። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

የሚለጠፍ የእንጨት ወይም የእብነ በረድ መልክ ያለው ስቲከር ቀለም ባይሆንም ውድድሩ ውስጥ ይገባል። ለጠፍጣፋ የሜላሚን በር፣ በተለይ ለተከራይ፣ ሽታ የለው፣ መድረቅ የለው፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የታጠፈ ጠርዝ ላይና ምድጃ አጠገብ ግን ጫፉ ይነሳል። ውስጡ እያበጠ ያለን ቺፑድ በስቲከር መሸፈንም አይረዳም።

ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ

የትኛውንም ብትመርጡ ይህ አይቀርም። በላርጎና ለብ ባለ ውሃ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉት። ቺፑድ ከሆነ ጨርቁ በጣም መጨመቅ አለበት። የቡፌውን መያዣ ዙሪያ ስትጠርጉ ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ የዓመታት እጅ ነው። የአልጋ ራስጌ ደግሞ የጸጉር ቅባት ጠጥቷል። ያልታጠበ ራስጌ ላይ የተቀባ ቀለም ልክ ጭንቅላት የሚደገፍበት ቦታ ላይ ነው ተነስቶ የሚወጣው። ሁለት ሦስቴ እጠቡት።

ቀዳዳና ስንጥቁን በስቱኮ ሙሉ። የላላውን መጋጠሚያ በኮላ አጣብቁና እስኪደርቅ አጥብቃችሁ እሰሩት። ማሸት ሲባል መፋቅ ማለት አይደለም። የሚፈለገው የሚያብረቀርቀው ላዩ እንዲደበዝዝ ብቻ ነው። ዕቃውን በጎን ብርሃን እዩት፤ የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ እዚያ ገና አልታሸም።

ፕራይመር ገንዘብ የሚቆጥቡበት ቦታ ይመስላል፤ አይደለም። ጽድና ቀይ ቀይ የሚሉ እንጨቶች፣ በተለይ ጉጥ ያለባቸው፣ ነጭ ቀለም ላይ ቡናማ እድፍ ያወጣሉ። ሦስት እጅ ነጭ ብትደርቡም ብቅ ይላል። በዘይት የሚሠራ ፕራይመር ግን ያግደዋል። ለሜላሚንም አጣባቂ ፕራይመር ግድ ነው። ንጹህ ኮምፔንሳቶን በጥቁር ከለር ለመቀባት ግን ራሱን ቀለሙን ቀጠን አድርጎ አንደኛ እጅ መስጠት ይበቃል።

ጠቅላላውን ከመጀመራችሁ በፊት ጀርባው ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። በምላጭ ኤክስ ምልክት ሳሉ፣ ስኮች ለጥፋችሁ በአንድ ጊዜ ንቀሉት። ቀለሙ ከስኮቹ ጋር ከመጣ ማሸቱ ወይም ፕራይመሩ ጎድሏል። አሁን ማወቁ ይሻላል።

ስንት ሊትር?

እዚህ ላይ ሰው ያለ ልክ ይገዛል። አንድ ሊትር ቀለም በግምት 10 ካሬ ሜትር አንድ እጅ ይሸፍናል። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1.2፣ ጥልቀቱ 0.6 የሆነ ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን ፊቱ 2.4 ካሬ ነው። ሁለቱ ጎኖች ሲደመሩ ሌላ 2.4። ላዩን ጨምሩ፣ 5.5 ገደማ ይሆናል። ሁለት እጅ 11 ካሬ ነው። ከአንድ ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ማለት ነው፤ ጥሬ ቺፑድ ጠርዝ ካለው ትንሽ ይጨምራል። ለኮሞዲኖ ግማሽ ሊትር ተርፎ ይቀራል። ባለ 4 ሊትሩን "በሊትር ሲታሰብ ይረክሳል" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ሦስቱን ሊትር አልጋ ሥር እንደምታደርቁት አይነግራችሁም። የቆጠባችሁትን ጥሩ ብሩሽ ላይ አውሉት። ርካሹ ብሩሽ ጸጉሩን ቀለሙ ውስጥ ይነቅላል፤ እሱን በጥፍር ስትለቅሙ ታመሻላችሁ።

እኔ ብሆን

የሳሎን ቡፌ፣ ጥቁር ከለር፣ ግቢ ያለው ቤት፦ ሲንተቲክ። ያው ቡፌ በአንድ ክፍል ቤት፦ ለእንጨት የተሠራው የውሃ ቀለም፣ ላዩ ላይ ብቻ ቫርኒሽ። የመኝታ ቤት ነጭ ቁም ሳጥን፦ የዘይት ፕራይመር ውጭ ተቀብቶ፣ ከላዩ የውሃ ቀለም። የሜላሚን ቲቪ ማስቀመጫ፦ ስቲከር፤ ቀለም ካላችሁ አጣባቂ ፕራይመሩን አትዝለሉ። የምግብ ጠረጴዛ፦ ጣውላ ከሆነ ቫርኒሽ፣ ካልሆነ ሲንተቲክ። የልጅ አልጋ፦ የውሃ ቀለም፣ ልጁ ከመተኛቱ በፊት ሳምንታት አየር ይምታው።

ልጅና ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ ቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ ያወጣችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ ለቤት የሚውል የእርሳስ ቀለም ያገደችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ እዚያ ከጎረቤት ጋራዥ ሽያጭ የድሮ ዕቃ የምትገዙም ይህን ዓመት ያዙ። ከእነዚህ ዓመታት በፊት የተቀባ ዕቃ፣ በተለይ ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ፣ በደረቁ አታሹት። ብናኙ ነው የሚጎዳው። በውሃ እያረጠባችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ ውጭ እሹት፤ ጭቃውን በጨርቅ ሰብስባችሁ ጣሉት። ልጆች እስኪያልቅ ራቅ ይበሉ።

ሲያልቅ ደግሞ መቸኮል አለ። ቀለም ለእጅ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። የዘይቱ አንድ ሁለት ሳምንት፣ የውሃው እስከ ሦስትና አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ ክረምት ላይ ከዚያም ይዘገያል። በሮቹን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ተዉዋቸው፤ ካልሆነ ከጠርዙ ጋር ተጣብቀው ሲከፈቱ ቀለሙን ይገነጥሉታል። ጠረጴዛው ላይ ያን አበባ ያለበትን የፕላስቲክ ሽፋን አትዘርጉበት። ከአዲስ ቀለም ጋር ተጣብቆ አበባውን እዚያው ጥሎት ይነሳል።